ጆ ፒፕን «እርስዎ» ያለበት ቁርስ

መነሻ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ሴሚስተር የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» እያነበብን ነው። መጽሐፉ 59 ምዕራፍ አለው። እኔ 27ኛው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፒፕ በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ረግረግ አጠገብ የሚኖር እናትና አባት የሌለው ልጅ ነው። ያሳደጉት ከሃያ ዓመት በላይ የምትበልጠው እህቱና ባሏ ጆ ናቸው። ጆ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አንድ ቀን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለፒፕ ገንዘብ ይመድብለትና ለንደን ሄዶ የጨዋ ሰው ኑሮ እንዲኖር ያደርገዋል። 27ኛው ምዕራፍ ላይ ጆ ሊጠይቀው ይመጣል። የክት ልብሱን ለብሷል። ባርኔጣውን የሚያኖርበት ጠፍቶት የምድጃው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣታል። ትወድቃለች። ያነሳታል። ደግማ ትወድቃለች። ቁርስ ሲቀርብ ከሚበላው የሚጥለው ይበዛል፤ ጥሎም እንዳልጣለ ሆኖ ይቀመጣል። ያሳደገውን ልጅ ደግሞ «ሰር» እያለ ይጠራዋል።

መምህራችን ይህን ምዕራፍ ወደ አማርኛ እንድንመልስ የቤት ሥራ ሰጥተውናል። «ሰር»ን «ጌታዬ» አልኩት። አማርኛ ግን በዚያ ብቻ አይለቅህም። ግሱም አብሮ ይለወጣል። «እንዴት ነህ» ሲል የኖረ ሰው «እንዴት ነዎት» ማለት አለበት። እሱን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። እንግሊዝኛውን ሳነብ እንዲህ አልተሰማኝም ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጆ «እርስዎ» የሚለው ፒፕን ስላከበረው ነው ወይስ ስለራቀው? የፒፕ ማፈርስ ይቅር የሚባል ነው? እኔ የሚመስለኝ ለንደንና ገንዘቡ አበላሹት እንጂ፣ ሰፈሩ እያለ በጆ አያፍርም ነበር።

መልሶቹ

መድረኩ ላይ የጀመርኩት ውይይት፣ ማለትም ክሩ፣ በሦስት ቀን ውስጥ በጣም ረዘመ። አዲስ የገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለተቸገረ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ፤ አንዳንዱን ቁጥር ዘልዬዋለሁ።

1ኛ። የክፍላችን ልጅ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተስማማልኝ። ፒፕ ለንደን ገብቶ ዕዳ ውስጥ መዘፈቁንና ምንም ለማይሠራለት አሽከር ቦት ጫማ መግዛቱን አስታወሰ። ገንዘብ ሰው ያበላሻል የሚል ሐሳብ ነው ያለው።

2ኛ። በጣም በትሕትና ጀምራ አረመችኝ። እርማቷ ትክክል ነበር። እፍረቱ የጀመረው ለንደን ሳይሆን 8ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ፒፕ ሚስ ሃቪሻም የተባለች ሀብታም ሴት ቤት ሲጠራ፣ ሴትየዋ የምታሳድጋት ኤስቴላ የእጁን መሻከርና የጫማውን ወፍራምነት እያነሳች ትስቅበታለች። ምግቡን እንደ ውሻ መሬት ላይ ታስቀምጥለታለች። ልጁ ጥግ ይዞ ያለቅሳል፤ ግድግዳውን በእርግጫ ይመታል። 13ኛው ላይ ጆ ራሱ እዚያ ቤት ሲጠራ፣ ሚስ ሃቪሻም ለምትጠይቀው ሁሉ መልሱን ወደ ፒፕ ዞሮ ይናገራል። ፒፕ ያኔ ኤስቴላ ስትስቅ አይቶ መሬት ብትውጠው ይመርጣል። 19ኛው ላይ ደግሞ ለንደን የሚሄድበት ቀን ሲደርስ እስከ ሠረገላው ብቻዬን ልሂድ ይላል፤ ከጆ ጋር ጎን ለጎን መታየት ስላልፈለገ። ስለዚህ ለንደን የደረሰው አፍሮ ጨርሶ ነው አለች።

3ኛ። እኔ ነኝ። ተቀበልኩ። 13ኛውን ምዕራፍ ሮጥ ሮጥ ብዬ ነበር ያለፍኩት።

4ኛ። አንዱ ክሩን የቪክቶሪያ ዘመን ልቦለድ ብለን በፈረጅንበት ነገር ላይ ቅር አለው። መጽሐፉ የወጣው በንግሥቲቱ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 ዲከንስ ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ። ታሪኩ ግን የሚካሄደው ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1837 ከመንገሷ በፊት፣ ጆርጅ የሚባሉት ነገሥታት ዘመን ነው። ትንሽ ነገር ቢመስልም ይጠቅማል። ጸሐፊው ስለ ልጅነቱ ዘመን ነው የሚጽፈው ማለት ነው።

5ኛ። ይህን የጻፈው ልጅ ከዚህ በፊት መድረኩ ላይ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ ሥራው ወናፍ መንፋት ነው። ሁለት የፍየል ቆዳ፣ አንዱ ሲነሳ አንዱ ይጫናል። አያቱ የጋለውን ማረሻ በጉጠት ከፍሙ አውጥተው መስፉ ላይ ያኖሩታል። አንዴ በመዶሻው መስፉን ለብቻው መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ነው ብረቱን የሚመቱት። የአገሩ ገበሬ ሁሉ ማረሻውንም ማጭዱንም እሳቸው ጋ ያሠራል። ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። ከኋላቸው ምን እንደሚባሉ ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነው፤ እሱም አልጻፈውም፣ እኔም አልጽፈውም።

ልጁ ከተማ ትምህርት ቤት ገባ። አያትህ ምን ይሠራሉ ተብሎ ሲጠየቅ ገበሬ ናቸው አለ። ደግሞ ተጠየቀ፣ ደግሞ ገበሬ አለ። አያቱ ሞተዋል። 27ኛውን ምዕራፍ ያነበበው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጆ ሊሄድ ሲነሳ፣ በዚህ ልብስ አያምርብኝም፤ በሥራ ልብሴ፣ መዶሻዬን ይዤ ብታየኝ ኖሮ የዚህን ግማሽ እንኳ ነቀፋ አታገኝብኝም፤ ልታየኝ ከፈለግህ መጥተህ በቀጥቃጭ ቤቱ መስኮት ብቅ በል የሚል ሐሳብ ይናገራል። ልጁ እዚያ ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋ። ከሚወርድበት ፌርማታም አለፈ።

6ኛ። አንድ የታሪክ ተማሪ ሐዘኑን ገልጾ ሁለት ነገር ጨመረ። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን አነሳ። ከዚያ ግን የጆን ነገር ከኛ አገር ቀጥቃጭ ጋር እንዳናምታታ አስጠነቀቀ። ጆ በሰፈሩ የተናቀ ሰው አይደለም። ማታ ማታ መጠጥ ቤት ከሰው ጋር እኩል ይቀመጣል። ሚስተር ጃገርስ የተባለው ጠበቃ ፒፕን ሲወስድ ካሳ ልክፈልህ ቢለው ጆ ለጠብ ይጋበዛል እንጂ ሳንቲም አይነካም። ንቀቱ ከሰፈሩ የመጣ አይደለም። ፒፕ ነው ከዚያ ትልቅ ቤት ተሸክሞት የመጣው።

7ኛ። የአምስተኛው መልስ ባለቤት ተመልሶ፣ የሱም ነገር ያው እንደሆነ ጻፈ። ገጠር ሳለ ሰው የሚለውን ይሰማ ነበር፤ አያቱን ግን ይወድ ነበር፣ አያፍርባቸውም ነበር። ማፈር የተማረው ከተማ፣ ክፍል ውስጥ ነው። ይህቺ ሁለት መስመር ከመነሻ ጽሑፌ ትበልጣለች።

8ኛ። እዚህ ጋ ነገሩ ጠነከረ። አንዱ ፒፕን ማባበል ይብቃን አለ። ፒፕ ጆ እንዳይመጣ ገንዘብ ከፍሎ ማስቀረት ቢችል ይከፍል እንደነበር በገዛ አፉ ተናግሯል። ኋላም ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ጆ ቤት ማደር ትቶ ሆቴል ያድራል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው፤ ሌላ ስም የለውም አለ።

9ኛ። የባሰችው መጣች። ጥፋቱን ጆ ላይ አደረገችው። የፒፕ እህት ልጁን በቀጭን በትር ስትገርፈው ጆ ምን ያደርግ ነበር? ምድጃው ጥግ ከልጁ ጋር አብሮ ይሸሸጋል። ደግ ሰው እያልን የምናደንቀው ቀጥቃጭ አንድ ልጅ ሲደበደብ ማስቆም ያልቻለ ነው ብላ ጻፈች። ስለ ጆ ደግነት የሚያወራ ሁሉ የመጽሐፉን ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ ነው የሚል መስመርም ጨመረችበት። ያ መስመር ብዙ ሰው አስቆጣ።

10ኛ። ሌላዋ የ7ኛውን ምዕራፍ ጠቅሳ መለሰችላት። ጆ ምክንያቱን እዚያ ለፒፕ ይነግረዋል። የጆ አባት ሰካራም ነበር። እናቱንም እሱንም ይደበድብ ነበር። ሸሽተው ሰው ቤት ሲጠጉ እየተከተለ ይመልሳቸዋል፤ ጆ ከትምህርት የቀረውም በዚህ ነው። እናቱ ስትለፋና ስትሰቃይ አይቶ ስላደገ በሴት ላይ ከመበደል በሌላው በኩል መሳሳት ይሻለኛል ብሎ ወሰነ። ጆ ጥፋት የለበትም አላለችም። ጥፋቱን ራሱ ያውቀዋል፣ ያ በትር በፒፕ ፈንታ እሱ ላይ ቢያርፍ እንደሚወድም ይናገራል አለች። ይህን ያላነበበው ማን እንደሆነ ብላ ጀምራ ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

11ኛ። የመድረኩ ኃላፊ ሰው ሳይሆን ሐሳብ ይተች ብሎ አሳሰበ።

12ኛ። ይህን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። ስምንተኛው የፒፕን ጥፋት ሲዘረዝር ማስረጃውን ከየት አመጣው? ሁሉንም የነገረን ፒፕ ራሱ ነው። መጽሐፉን የሚተርከው ያደገው ፒፕ ነው። ገንዘብ ከፍዬ ባስቀረሁት ያለውን ማንም አልሰማውም ነበር፤ በልቡ ነው ያሰበው። ባይነግረን አናውቅም። እየተናዘዘ ያለን ሰው በኑዛዜው መክሰስ ደስ አይልም። ጆ በሩን ዘግቶ ሲወጣም ፒፕ ትንሽ ቆይቶ ወደ ራሱ ሲመለስ ተከትሎት ይሮጣል፤ በየመንገዱ ይፈልገዋል። ጆ ሄዷል። ተረት የሚያሳምር ሰው ቢሆን ደርሼበት ይቅርታ ጠየቅሁ ባለን ነበር።

13ኛ። ከአራተኛው መልስ ጋር የሚገናኝ ነገር መጣ። ዲከንስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ እስር ቤት ገባ። ልጁ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ ጣሳዎቹ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። ይህን ለልጆቹ አልነገረም። እ.ኤ.አ. በ1869 ገና ዕለት ቤተሰቡ የቃላት ማስታወስ ጨዋታ ሲጫወት ተራው ደረሰውና የፋብሪካውን ስምና አድራሻ ተናገረ። «ዋረንስ ብላኪንግ፣ ስትራንድ 30»። ልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁም። ሰኔ 1870 ሞተ። ነገሩን ያወቁት ኋላ ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ነው። የልጅነት ሥራውን ሲደብቅ የኖረ ሰው ስለ እፍረት መጻፉ አይገርምም።

14ኛ። ወሬው ወደ ሚስ ሃቪሻም ሄደ። በሠርጓ ቀን ስለተከዳች በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ያቆመቻቸው ሰዓቶች፣ ቢጫ የሆነው ቬሎ፣ ሸረሪት የወረሰው ኬክ። አራት አምስት ሰው ስለ ኬኩ ብቻ ጻፈ። እኔ ይህን አልፈዋለሁ፤ ለሷ የራሷ ክር ይገባታል።

19ኛ። ይህን የጻፈችው ገልፍ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ በርቀት ትምህርት የምትማር ሴት ናት። የምታነበው ቤቱ ሲተኛ በስልኳ ነው። ስለ ጆ ይህን ያህል ሲወራ ማግዊችን ያነሳ ሰው ማጣቷ አስገርሟታል።

ማግዊች መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ እግር ብረቱ ሳይወልቅ ረግረጉ ውስጥ የተሸሸገው እስረኛ ነው። ፒፕ ምግብና ከጆ ቤት የወሰደውን ሞረድ አምጥቶለታል። ቆይቶ ሰውየው በግዞት አውስትራሊያ ይላካል። እዚያ በግ እያረባ ያገኘውን ሁሉ ለዚያ ልጅ ይልካል። ስሙን አይጽፍም። ፒፕ 23 ዓመት ሞልቶት፣ ዝናብና ነፋስ ባለበት ሌሊት፣ ሽማግሌው ደረጃውን ወጥቶ ሁለት እጁን ይዘረጋለታል። ፒፕ ይሸሻል። አበላሉን ሲያይ ይቀፈዋል።

ሴትየዋ ወንድሟን ያስተማረችው እሷ ናት። ተመርቋል። እህትህ ምን ትሠራለች ሲሉት ቢሮ ነው የምትሠራው ይላል። አልተቀየመችውም፤ ለምን እንደሚል ይገባታል። እሷን ያስለቀሳት ሌላ ቦታ ነው። 40ኛው ምዕራፍ ላይ ማግዊች ፒፕን በውጭ አገር ቋንቋ አንብብልኝ ይለዋል። አንዲት ቃል አይገባውም። እሳቱ ፊት ቆሞ ያዳምጣል፣ ልጁን ያያል፣ ደስ ይለዋል። እሷ ስልክ ስትደውል ወንድሟን እስቲ በእንግሊዝኛ አውራልኝ ትለው ነበር። ያኔ እንግሊዝኛ አታውቅም። ዝም ብላ ትሰማዋለች።

20ኛ። እስከ ማግስቱ ጠዋት ማንም አልጻፈም። መጀመሪያ የተመለሰው ስምንተኛው ልጅ ነው፤ 39ኛውን ምዕራፍ እንደገና ሊያነብ መሄዱን ብቻ ጻፈ።

21ኛ። የሕግ ተማሪ ነች። የማግዊችን ችሎት አስታወሰች። እሱና ኮምፒሰን የተባለው አጭበርባሪ አንድ ላይ ተከሰሱ። ኮምፒሰን ነው ነገሩን ያቀነባበረው። ግን አለባበሱና አነጋገሩ የተማረ ሰው ይመስላል፤ ዳኛው ሰባት ዓመት ፈረደበት። ማግዊች 14 ዓመት ተፈረደበት። ማግዊች አንድ ልጅ የጨዋ ሰው መልክና ንግግር እንዲኖረው የተመኘው ለምን እንደሆነ ለሷ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። የእርዳታ ስሜት ብቻ አይደለም። እሱ ያጣውን ከለላ ነው የገዛለት። በዚህ በጣም እስማማለሁ።

22ኛ። የአሥራ ሁለተኛው መልስ ባለቤት ለጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ ሰጠ። ፒፕ ለጆ ያላደረገውን ለማግዊች አደረገው። ማግዊች ከግዞት በመመለሱ ችሎት ሲቀርብ እሱን ጨምሮ 32 ሰው ላይ ሞት ይፈረዳል። ፒፕ ከተከሳሽ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ እጁን ይይዘዋል፤ ሰው ሁሉ እያየ። አብሮ መታየት ያሳፈረው ልጅ ነው ይህን ያደረገው። ገንዘቡ ደግሞ ለመንግሥት እንደሚወረስ ያውቅ ነበር፤ የሚያገኘው ነገር የለም።

23ኛ። ርእሱን «ታላቅ ተስፋ» ብሎ የተረጎመን ልጅ አንዷ አረመችው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ቃሉ የሚጠበቅ ውርስንም ይጨምራል። ባዶ «ተስፋ» ካልነው ገንዘቡ ይጠፋል።

24ኛ። አንዱ ስለ ሁለቱ መጨረሻዎች አነሳ። ዲከንስ መጀመሪያ ፒፕንና ኤስቴላን ለያይቶ ነበር የጨረሰው፤ ቡልወር ሊተን የተባለ ደራሲ ወዳጁ መክሮት ቀየረው። የትኛው ይሻላል በሚለው ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ።

27ኛ። በመጨረሻ ወደ ቤት ሥራዬ ተመለስን። ጎጃም ያደገ ልጅ «እርስዎ» ለጆ አፍ የከተማ ሰው ያስመስለዋል፣ «አንቱ» ይሻላል አለ። እሱ አገር ሰው ሲያከብር «አንቱ» ነው የሚለው። ሌላዋ ደግሞ ቀደም ብለን ፒፕ ጆን በምን ይጠራው እንደነበር መወሰን አለብን አለች። ጆ አባቱ አይደለም፣ የእህቱ ባል ነው። «ጋሼ» እያለ «አንተ» የሚለው ይመስላታል፣ ታላቅ ወንድምን እንደምንለው። ጆ ደግሞ እሱን «ፒፕዬ» ይለዋል። ይህን ከተከልን ምዕራፍ 27 ላይ «አንቱ» ሲመጣ ማንም ማብራሪያ አይፈልግም።

28ኛ። «አንቱ» ርቀት ነው ወይስ አክብሮት ለሚለው ጥያቄዬ አንድ ልጅ ምዕራፉን በእርሳስ እያሰመረ አንብቦ መጣ። ጆ በሩ ላይ ሲደርስ ገና በደስታ «ፒፕ» ነው የሚለው። «ሰር» የሚበዛው ቤቱንና ዕቃውን አይቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ እንደገና «ፒፕ» ይላል፤ ግንባሩን በቀስታ ነክቶት ይወጣል። ስለዚህ «አንቱ»ው ለፒፕ ሳይሆን ለቤቱና ለልብሱ የተሰጠ ነው አለ።

31ኛ። የመጨረሻው መልስ የዘጠነኛዋ ነው፤ ጆን የወቀሰችው። በአነጋገሯ ስለ ማጠቃለያው ለተናገረችው ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ 57ኛውን ምዕራፍ አየችሁት ወይ አለች። ፒፕ በዕዳ ሊያዝ ሲል በጠና ይታመማል። ጆ መጥቶ ያስታምመዋል። ልጁ አቅም ባጣበት ጊዜ ጆ ወደ ድሮው አጠራር ይመለሳል። ፒፕ እየበረታ ሲመጣ ግን «ሰር» ትመለሳለች። አንድ ጠዋት ፒፕ ሲነሳ ጆ የለም። ደብዳቤ ትቷል። ከውስጡ የ123 ፓውንድ ከ15 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ዕዳ ከነወጪው የተከፈለበት ደረሰኝ አለ። ደብዳቤው ላይ «ሰር» የለም። «ውድ ፒፕ» ነው የሚለው። ጆ ድሮ ከአንድ ሙሉ ገጽ ላይ ለይቶ የሚያውቀው የስሙን ሁለት ፊደላት ብቻ ነበር። መጻፍ ያስተማረችው የሰፈራቸው ልጅ ቢዲ ናት። ፊት ለፊት ሊለው ያልቻለውን በጽሑፍ ነው የቻለው አለች።

የትርጉም ደብተሬን አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ቁርሱን በ«አንቱ» ጻፍኩት፤ በሩ ላይ ያለውንና ስንብቱን በ«አንተ»። የቤት ሥራው ባይሆንም ደብዳቤውንም ተረጎምኩት፣ ሁሉንም በ«አንተ»። ፊርማው በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ነው። በአማርኛ አንዲት ፊደል በቃችው፦ ጆ።